ዱላው ሲደጋገም ቈጣሪው ማን ነው?

ጽሕፈት ቤቱ በደባርቅ የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋሊያዎቹን በየጊዜው ያስቈጥራል። ጠባቂዎቹ ገደል ለገደል እየተዘዋወሩ ስንት ወንድ፣ ስንት እንስት፣ ስንት ግልገል እንዳዩ ጽፈው ይመለሳሉ። ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዳባት ደግሞ፣ ያን ጊዜ የሕክምና ኮሌጅ የነበረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 የጥናት ጣቢያ አቋቁሞ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የተወለደውን፣ የሞተውንና አገር የለቀቀውን ቤት ለቤት እያስጠየቀ ሲመዘግብ ኖሯል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ቍጥሩ ያልታወቀ ነገር መጥፋቱም ሆነ መዳኑ አይታወቅምና።

እንግዲህ መቈጠርን በለመደው በዚሁ አገር አንድ ነገር ሳይቈጠር ይኖራል። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ሴት ላይ፣ በአንድ ዓመት ስንት ጊዜ ዱላ እንደ ተነሣ የሚደምር መዝገብ በወረዳዎቻችን የተለመደ አይደለም። ስለ አንዱ ቀን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ ስለ ዓመቱ የሚያውቅ ግን አይገኝም። ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው። በቤት ውስጥ የሚደጋገመውን ድብደባ ለማቆም ፖሊሱና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ መዝገብ መያዝ አለባቸው እንላለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት በአሳባችን እንሥራ። ቤቱ በዳባትና በደባርቅ መካከል ካሉት የገብስ አገሮች በአንዱ ይሁን። ባልና ሚስቱም ሦስት ልጆችና ጥንድ በሬ ያሏቸው፣ በአገሩ ዘንድ የተከበሩ ሰዎች ይሁኑ። በጥቅምት አንድ ማታ ጩኸት ይሰማል፤ ጎረቤት ደርሶ ገላግሎ ይመለሳል። በጥር ሚስቲቱ ኰርፋ ከአባትዋ ቤት ትገባለች፤ ሽማግሎች ይሰበሰባሉ፤ ባልየው ዋስ ጠርቶ፣ ሁለተኛ እጁን እንዳያነሣ ምሎ ይወስዳታል። በመጋቢት ጤና ኬላ ሄዳ ክንድዋን ታሳያለች፤ ምን አገኘሽ ስትባል ውሃ ቀድቼ ስመለስ አዳለጠኝ ትላለች። በግንቦት ፖሊስ ጣቢያ ደርሳ ቃልዋን ትሰጣለች፤ በሦስተኛው ቀን ከባልዋ ወንድም ጋር ተመልሳ፣ ታርቀናል ብላ አቤቱታዋን ታነሣለች። በነሐሴ ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ስለ ልጆችዋ ቀለብ ትጠይቃለች።

ጎረቤቱ፣ ሽማግሌው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ፖሊሱ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ አምስቱም ደግ ሰዎች ናቸው እንበል። አምስቱም የሚገባቸውን ያደረጉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ያዩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ለፖሊሱ የግንቦቱ አቤቱታ የመጀመሪያ አቤቱታ ነው፤ ለጤና ሠራተኛዋም የመጋቢቱ ጉዳት የመጀመሪያ ጉዳት ነው። አምስት ጊዜ የሆነው ነገር አምስት ጊዜ እንደ አዲስ ይጀመራል። ዓመቱን በሙሉ የምታውቀው ሚስቲቱ ናት፤ ጠያቂ ግን አላገኘችም። ባልየውም ያውቃል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀውም ማንም እንደማይደምርበት ነው።

ይህ በአሳብ የሠራነው ቤት ከእውነት የራቀ እንዳይመስል ጥቂት ቍጥሮች እናንሣ። የዓለም ጤና ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች አስጠንቶ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ባወጣው ጥናት የእኛ አገር በቡታጅራ ተወክላ ነበር። በዚያ ትዳር ይዘው ከሚያውቁት ሴቶች ከየ100ው 71 ያህሉ በዕድሜያቸው ከባላቸው ወይም ከጓደኛቸው የአካል ወይም የፆታ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ከየ100ው 54 ያህሉ ደግሞ ጥቃቱ የደረሰባቸው ከመጠየቃቸው በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ነበር። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን ማስተያየት ይገባል። ጥቃቱ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚቀር ነገር ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ቍጥር ከዕድሜው ቍጥር እጅግ ባነሰ ነበር። መቀራረባቸው የሚያስረዳን ነገሩ ያለፈ ትዝታ ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን ነው።

ወደ ሰሜን ስንመጣም፣ በጎንደር ዙሪያ ተደርጎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከባላቸው ጥቃት እንደ ደረሰባቸው፣ ከየ100ው 32 ያህሉም የአካል ድብደባ እንደ ቀመሱ ተገልጿል። በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ፣ የአካል ወይም የፆታ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከየ100ው 66ቱ ለማንም ሳይናገሩና እርዳታ ሳይጠይቁ መቅረታቸውን አስታውቋል። በዚሁ ጥናት፣ ባል በአንዳንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ከየ100 ወንዶች 28፣ ከየ100 ሴቶች ግን 63 ነበሩ። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለው ክፉ ተረት በመቺው አፍ ብቻ ሳይቀር በተመቺዋም ልብ ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለችው ሴት ራስዋ መጥታ እስክትከሰን እንጠብቅ የሚል መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ይጠብቃል።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ፣ ሴቶችን የሚጨቁን ወይም በአካላቸውና በአእምሮአቸው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሕግና ልማድ የተከለከለ መሆኑን ደንግጓል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት በስሙ ጠርቶ፣ የአካል ጉዳትን በሚቀጡት አንቀጾች እንዲዳኝ አዟል። ስለዚህ «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብሎ መዝገቡን የሚዘጋ ሹም ልማድን ይጠቅስ እንደ ሆነ እንጂ ሕግን ሊጠቅስ አይችልም።

ሆኖም ሕጉ ብቻውን የማይደርስበት ስፍራ አለ። ጉዳቱ ቀላል የሆነ እንደ ሆነ ክሱ የሚንቀሳቀሰው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታውም ሲነሣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ጉዳቱ የደረሰው ሊጐዳ በሚችል መሣሪያ ከሆነ ግን ቅጣቱ ይከብዳል፤ ክሱም በእርስዋ አቤቱታ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይሆንም። ዱላ ለመጐዳት የሚችል መሣሪያ ነው። ይህን ልዩነት አጥብቆ የያዘ መርማሪ፣ ተበዳይዋ «ታርቀናል» ብላ ስለ መጣች ብቻ ብዕሩን አያስቀምጥም። ሌላም አለ። በብዙ አገሮች ዳኛው ገና ዋናው ክስ ሳይፈረድ «ከዚህ ቤት ራቅ፣ አትቅረባት» ብሎ የሚሰጠው የጥበቃ ትእዛዝ በወንጀል ሕጋችን ውስጥ ለባልና ሚስት ጉዳይ ተለይቶ አልተደነገገም። ሕግ አውጪው ይህን እስኪሞላ ድረስ በአቤቱታውና በፍርዱ መካከል ባሉት ሌሊቶች ሴቲቱን የሚጠብቃት የሰዎች አሠራር ብቻ ነው።

አቤቱታዋን ያነሣችው ሴት ብዙ ጊዜ ትወቀሳለች። «ራስዋ ከሰሰች፣ ራስዋ ተወች» ይባልባታል። እኛ ግን የምትሠራውን ታውቃለች እንላለን። በሰሜን ደጋ ሞፈር የሚጨብጠው ወንድ ነው። ባልየው በዘር ጊዜ ቢታሰር እርሻው ጦም ያድራል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ብትሰጥ ከምርቱ ትልቁ ክፍል ይሄዳል። በክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታደለው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም አብሮ መያዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ደብተሩ በባልየው ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ከተቀመጠ ግን ስምዋ ምን ይረባታል? ስለዚህ እርስዋ ጣቢያ ቆማ የምታመዛዝነው ስለ ፍቅር ወይም ስለ ይቅርታ ብቻ አይደለም፤ ስለሚቀጥለው ዓመት ገብስ ጭምር ነው።

የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ማሰር ብቻ የሚችል ፖሊስ ሴቲቱን በዱላና በረኃብ መካከል ያስመርጣታል። መምከር ብቻ የሚችል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ባልየው ዘንድ አይፈራም። ፖሊሱ ኃይል አለው፤ ከእርሻው፣ ከቀለቡና ከልጆቹ ጋር የሚያገናኘው መንገድ የለውም። ሠራተኛው ይህን መንገድ ያውቃል፤ ኃይል የለውም። ሁለቱ በየቢሮአቸው ተቀምጠው በደብዳቤ ሲጻጻፉ ሴቲቱ በመካከላቸው ትመላለሳለች። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን አንዱ ለሌላው የጎደለውን ይሞላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ስለ ሽማግሎቻችንም ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። ሽማግሌ ቅርብ ነው፣ ገንዘብ አያስከፍልም፣ የሁለቱንም ወገን ቤት ያውቃል። በሠርግ ዕለት ለሙሽራይቱ ወንድም ሊሆናት የሚገባው ሚዜ፣ ባል ሁለተኛ እንዳይመታ የሚጠራው ዋስ፣ እነዚህ ሁሉ አባቶቻችን ፖሊስ በሌለበት ዘመን ያቆሟቸው ጠባቂዎች ናቸው። ይህን የሚንቅ የተማረ ሰው አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ሽምግልናው አንድ ጉድለት አለው። ፍጻሜው እርቅ ነው፤ ከእርቁ በኋላ ያለውን ሳምንት የሚጠይቅ የለም። ዋሱ የዋስትናው ቃል ሲፈርስ አይጠየቅም። በጥር ያስታረቁት ሽማግሎች በመጋቢት የሆነውን አይሰሙም፤ ቢሰሙም እንደገና ለማስታረቅ ይሰበሰባሉ። እንዲህ ሲሆን እርቅ የተባለው የከበረ ነገር የገበና መሸፈኛ መጋረጃ ሆኖ ይቀራል።

ደግሞም ሽማግሌ የሌለው ሰው አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ ተነሥተው ወደ ደባርቅ የመጡት ቤተ ሰቦች የኖሩበትን ጎረቤትነት ትተው መጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሎ በደባርቅና በዳባት አስጠልሏል። ከዚያ ወዲህ በዳባት አቅራቢያ በዓለም ዋጭ የኤርትራ ስደተኞች ሰፍረዋል። ከዘመድ፣ ከእድርና ከንስሐ አባት የተለየች ሴት በሌሊት ስትመታ ወደ ማን ትሮጣለች? ለእንዲህ ያለችው የመሥሪያ ቤቶች መተባበር ከሽምግልናው የሚመረጥ ሁለተኛ መንገድ አይደለም፤ ያላት መንገድ እርሱ ብቻ ነው።

ይህ የመተባበር አሳብ ለአገራችን እንግዳ እንዳይመስል ያለፈውን እናስታውስ። የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ነበር። በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 እንደገና ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ሌሎችም ያስተምሩታል። በ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች የተቋቋሙት የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች ፖሊስና ስለ ሕፃናት የሚሠሩ ሰዎች በአንድ ክፍል አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው ማዕከልም ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያውን በአንድ ጣራ ሥር አገናኝቷል። ይህ ማዕከል ይልቁንም የፆታ ጥቃት ለደረሰባቸው የታሰበ ነው። በየወሩ ክንድዋ የሚጠቁረው ሚስት ግን ወደ እንዲህ ያለ ማዕከል አትሄድም፤ እርስዋ ወዳለችበት የሚሄድ አሠራር ያስፈልጋታል።

ከውጭ አገርም ሁለት ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በዱሉት ከተማ በ1981 የተጀመረው ሥራ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ ፍርድ ቤቱንና የሴቶቹን መጠለያ በአንድ የአሠራር ስምምነት አገናኘ። ከዚህ የምንማረው የከሳሽነቱን ሸክም ከሴቲቱ ትከሻ አውርዶ በመሥሪያ ቤቶቹ ትከሻ ላይ ማድረግን ነው። በብሪታንያ በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ደግሞ በ2003 ፖሊሱ፣ የጤናው፣ የቤቶች አስተዳደሩና የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች በየጊዜው እየተሰበሰቡ፣ ከሁሉ ይልቅ አደጋ የሚያሰጋቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ሴቲቱ በስብሰባው አትገኝም፤ አስቀድሞ ያነጋገራት አማካሪ ስለ እርስዋ ይናገራል። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሥራውን ሲመዝኑ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከየ10 ሴቶች 6 ያህሉ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ 4 ያህሉ ዳግመኛ ጥቃት ሳይደርስባቸው ቆይተው ተገኙ። ውጤቱ ተአምር አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ የነበሩ ናቸው። ቍጥሩ ከ6 ወደ 4 መውረዱም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል፤ አንድ ጊዜ ተነጋግሮ መበተን አይበቃም፤ ጠረጴዛው ሁልጊዜ ተዘርግቶ መቆየት አለበት።

እንግዲህ ደባርቅና ዳባት ካርዲፍ አይደሉም። ከጃናሞራና ከበየዳ ቀበሌዎች አንዳንዶቹ ወደ ወረዳቸው ከተማ ለመድረስ ረዥም የእግር መንገድ ያስፈልጋቸዋል። መኪና የለም፣ በጀት የለም የሚባለውን እንሰማለን። እኛ የምንጠይቀው ግን መኪና ከመምጣቱ በፊት ሊጀመር የሚችለውን ነው።

አንደኛ፣ ፖሊስ ጣቢያው የቤት ውስጥ ጥቃትን በቀን ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰብ ይመዝግብ። የአንድ ቤት ነገር ሁሉ በአንድ ገጽ ይዋል፤ ቀኑ፣ የደረሰው ጉዳት፣ የተወሰነው ነገር፣ ማን እንዳስታረቀና ማን ዋስ እንደ ሆነ ይጻፍ። አዲስ አቤቱታ ሲመጣ መርማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ገጽ መግለጥ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ፖሊሱ፣ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ፣ ጤናውና ዐቃቤ ሕጉ ይቀመጡ፤ ነገሩ የሚመለከተው ሲሆንም የመሬት አስተዳደሩ ይጠራ። ስማቸው ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተነሣውን ቤቶች ብቻ ይዩ። ለእያንዳንዱ ቤት ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው ተሰይሞ ይነሡ። ሁሉም የሚጠየቅበት ነገር ማንም የማይጠየቅበት ነውና።

ሦስተኛ፣ እርቅ ይመዝገብ፤ ከእርቁም በኋላ ይታይ። በሁለተኛው ሳምንትና በሁለተኛው ወር ሰው ሄዶ ሴቲቱን ለብቻዋ ይጠይቃት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ስለ ሆኑ፣ ማንንም ሳያስደነግጡ ሊገቡ ይችላሉ። ዋሱም ቃሉ ሲፈርስ ተጠርቶ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ለሽምግልና የማይሰጥ ነገር ተለይቶ ይታወቅ። አሜሪካዊቱ የነርስነት ሙያ ተመራማሪ ጃክሊን ካምቤል በ1980ዎቹ ዓመታት የመገደል አደጋ ምልክቶችን ለይታ ለሐኪሞችና ለነርሶች መጠየቂያ አዘጋጅታ ነበር። አንገት ማነቅ፣ እገልሻለሁ ብሎ መዛት፣ በቤት ውስጥ ጠመንጃ መኖሩ፣ ድብደባው እየበዛና እየከፋ መሄዱ፣ ሴቲቱም ልትለየው መነሣትዋ ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት በታየበት ቤት የመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ነገሩ የሽማግሌ አይደለም፤ የሕግ ነው። ጠመንጃ በበዛበት በዛሬው ጊዜ ይህ ምክር ለሰሜን ሰው ይልቁንም ያስፈልገዋል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። አንዳንዱ «ፖሊስ የገባበት ትዳር አይድንም» ይላል። እኛ ደግሞ በአምስተኛው ዱላ የፈረሰውን ትዳር ያፈረሰው ፖሊሱ ነውን ብለን እንጠይቃለን። በሁለተኛው ቀን ተደርሶበት ባልየው ሰው እንደሚያየው ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት በዳነ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ደባርቅና ዳባት ሁሉ ሰው ሁሉን የሚያውቅባቸው ከተሞች ናቸው። በጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት አንዱ የባልየው አበ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሚስቲቱ የተናገረችው ነገር በማግሥቱ ጠላ ቤት ከተሰማ፣ የዚያች ሌሊት ዱላ የእኛ ጥፋት ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ መዝገቡ በቍልፍ ይጠበቅ፤ የሚያዩት ሰዎች ጥቂትና በስም የታወቁ ይሁኑ፤ ዘመድ የሆነ ሰው ከዚያ ቤት ጉዳይ ይነሣ፤ ምሥጢር ያወጣም ይቀጣ። ከሁሉም በላይ፣ ነገሩ ከመነሣቱ በፊት ምን ይሻልሻል ተብላ እርስዋ ትጠየቅ። ዛሬ ማታ የት ማደር እንደሚሻላት ከእርስዋ የበለጠ የሚያውቅ ሹም የለም። ምሥጢር ያስፈራል ብሎ ሳይመዘግቡ መቅረት ግን የባልየውን ምሥጢር መጠበቅ ነው።

ሦስተኛውም ተቃውሞ «ጊዜው አይደለም» የሚለው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት የመንግሥትን ሥራ በብዙ ስፍራ አውኳል፤ የራሱን ደኅንነት ለመጠበቅ የሚጨነቅ ጣቢያ ስለ አንድ ቤት ጩኸት አያስብም ይባላል። እኛ ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ በቤት ውስጥ ያለው ዱላ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም እንላለን። መንገድ ሲዘጋ ወደ አባትዋ ቤት የምትኰርፍበትም መንገድ ይዘጋል። ጣቢያው በማይደርስበት ቀበሌ ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ የሰሙትን ይዘው የሚቆዩበት፣ መንገድ ሲከፈትም የሚያስተላልፉበት ሥርዓት ሊኖር ይገባል።

ይህን የምንጽፈው ይልቁንም ለእኩዮቻችን ነው። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሁሉ ነገ በወረዳ ዐቃቤ ሕግነት፣ በነርስነት፣ በመምህርነት፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት እንመደባለን። ሲመድቡን ሩቅ ነው፣ ብርድ ነው እያልን እናጕረመርማለን። ከተመደብንም በኋላ የየራሳችንን ወረቀት ማስተካከል ብቻ ሥራ ይመስለናል። ወረቀታችን ንጹሕ ሆኖ ሴቲቱ ግን እየተመታች ልትኖር ትችላለች። ነርሷ ሕክምናዋን በትክክል ጽፋለች፣ ፖሊሱ የአቤቱታውን መነሣት በትክክል ጽፏል፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የቀለቡን ጥያቄ በትክክል ጽፏል። ሦስት ትክክለኛ ወረቀቶች በሦስት ሣጥኖች ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ ላይ ቢነበቡ ኖሮ የሚያስጮኹ ወረቀቶች ናቸው።

ስለዚህ ወጣቶች ሠራተኞች ሆይ፣ በተመደባችሁበት ስፍራ በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር አድርጉ። ከእናንተ ቢሮ ቀጥሎ ወዳለው ቢሮ ሂዱና «እናንተ ዘንድ የመጣች፣ እኛም ዘንድ የመጣች ሴት አለችን?» ብላችሁ ጠይቁ። ምሥጢር ለመጠበቅ የታመነውን ሰው ምረጡ፤ የአለቃችሁንም ፈቃድ አግኙ። ሁለታችሁ አንድ ስም ላይ ከተገናኛችሁ ጠረጴዛው ተዘርግቷል ማለት ነው። መመሪያው፣ በጀቱና ማኅተሙ በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። ዳባት ውስጥ የሚወለደውን ሕፃን፣ በሰሜን ገደል ላይ የሚዘለውን ግልገል ዋሊያ መቈጠር ከቻልን፣ በአንዲት እናት ላይ የወረደውን ዱላ መቈጠር አያቅተንም።